የፀዳው የቻይንኛ ጉባኤ

ባለፈው ሰሞን አዘዞ መገንጠያው ላይ አስፋልት ሲጠግኑ ደረስኩና ከባጃጅ ወርጄ ቆምኩ። የምሄድበት ቦታ ነበረኝ፤ የያዘኝ ሽታው ነው። ትኩስ ሬንጅ። ሌላው መንገደኛ አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፣ እኔ አሮጊቷ ግን ዳር ቆሜ ወደ ውስጥ እስበዋለሁ። ቢጫ ቆብ ያደረገ አንድ ወጣት ሠራተኛ መጥቶ «እማማ፣ ጭሱ ይጎዳዎታል፣ ዞር ይበሉ» አለኝ። «ልጄ፣ እኔ እዚሁ ጭስ ውስጥ ነው ያረጀሁት» አልኩት። ውሸቴን ነው። ያረጀሁት ጠመኔ ብናኝ ውስጥ ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ የቀረኝ ሳልና የሰው ስህተት የማረም አመል ነው። ሬንጁ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ። የዚያን ቀን ቤቴ ገብቼም ሽታው ከነጠላዬ አልወጣ አለ፤ እኔም ማጠቡን አልፈለግሁትም።

ያኔ ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ እንደ አዲስ ይሠራ ነበር። ዓመቱን ጠይቃችሁ አታድክሙኝ፤ ባጃጅ ከተማችን ውስጥ ብርቅ የነበረበት ጊዜ ነው፣ ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ፒያሳ ስትወርድ ካፌ በረንዳ ላይ ያለው ሁሉ ማኪያቶውን አስቀምጦ የሚያይበት ጊዜ። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ቀኑን ሙሉ ይደጋግመዋል፤ ፖስታ ቤት ደርሰን ስንመለስ ያው ልጅ ያችኑ ልጅ ገና እየለመናት ነው። ሞባይል የነበረው ሰው በጣት ይቆጠራል፣ ካርዱንም በጥፍራችን ነበር የምንፍቀው። ከዚያ ቻይናዎቹ መጡ። ሰማያዊ ቱታ፣ ሰፋፊ የሰንበሌጥ ባርኔጣ፣ የማይቀዘቅዝ ፔርሙዝ። አገሩ ለመልመድ ጊዜ አልፈጀበትም። ዳባት ገበያ የሠራተኛ የፕላስቲክ ቆብ አጥልቃ ቅቤ የምትሸጥ ሴት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያንኑ ቆብ ገልብጣ እንቁላል የምትይዝበትንም እንዲሁ። አበባ ያለበት የቻይና ጃንጥላ ያልያዘች ሙሽራ እንደ ሙሽራ አትቆጠርም ነበር። አሁን ያ ሁሉ ዕቃ የት እንደገባ እንጃ። መንገዱ ግን አለ፤ ምንም እንኳ ዘንድሮ ከሚከፈትበት ቀን የሚዘጋበት ቀን ቢበዛም።

የወንድሜ የመሪጌታ ጥበቡ ልጅ ዝናሽ ዳባት አጠገብ በነበረው የቻይናዎቹ ካምፕ ዕቃ ግምጃ ቤት ትሠራ ነበር። እዚያ ሊ የሚባል ቀያሽ ነበረ፤ በሦስት እግር ላይ የቆመች መነጽሩን እየተሸከመ ገደል ለገደል የሚዞር፣ ጸጉሩ ጎንና ጎኑ ሸበት ያለ ጭምት ሰው። ሽበቱን አይተው ገበሬዎቹ «አያ ሊ» አሉት፣ በዚያው ጸና። ከነሱ የለቀማት አማርኛ የደጋ አማርኛ ነበረች፦ ሸጋ፣ ምነው፣ ቶሎ፣ በላሽ። ከዝናሽ ጋር በዚህችው አማርኛ ተግባቡ፣ ሕይወትም ተወለደች። ወንድሜ ዕድሜውን በቅኔ ማህሌት የጨረሰ ሰው ነውና ነገሩ ከብዶት ሰነበተ፤ ከልጁም ጋር ሳይነጋገር ከረመ። በኋላ ሕፃኗን አምጥታ ጭኑ ላይ ስታስቀምጥለት «ዓይኗ ምነው እንዲህ ጠበበ?» ብሎ ጠየቀ። ዝናሽ «እየሳቀች ስለሆነ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ ከእጁ አልወጣችም። መንገዱ ሲያልቅ ድርጅቱ አያ ሊን ወደ አገሩ መለሰው። እመለሳለሁ ብሎ ነበር። አልተመለሰም፤ ግን እሑድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለዓመታት ስልኩ አንድም ቀን ሳይጠራ ቀርቶ አያውቅም ነበር።

ስልኩ ላይ የሚባለውን ሁላችንም በቃል እናውቀው ነበር። «ሸጋ ነሽ?» «ሸጋ ነኝ።» «በላሽ?» «በላሁ።» «ምነው ዝም?» እዚህ ላይ የሁለቱም ቃል ያልቃል። ቀሪው መተንፈስ ነው። ሕይወት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ግድግዳውን ታያለች፣ እሱም እዚያ ማዶ ምን እንደሚያይ እንጃ፣ ካርዱ እስኪያልቅ እንዲሁ ይቆያሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት አንድ እሑድ ስልኩን አስቀመጠችና «የአባቴን ቋንቋ አስተምሩኝ» አለች። የተናገረችው ለአያቷም ለእናቷም አልነበረም። እኔን ነበር የምታየው፤ ቋንቋ አስተማሪዋ እኔ ነኛ።

እኔ ያለሁበት፣ እሷም የምትማርበት ትምህርት ቤት በከተማው የታወቀ የግል ትምህርት ቤት ነበር፤ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡ፣ ሳይንሱ፣ ሰልፉ፣ ልመናው ሳይቀር። በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረች እንጨት ትንጠለጠልበታለች፤ ሌላ የሚናገር እስኪያገኝና ለሱ እስኪያስተላልፋት ድረስ አያወልቃትም። ወላጅ ለዚህች እንጨት ሲል ነበር ልጁን የሚያመጣልን። ለቻይንኛ የሚሆን ቦታ በዚያ ግቢ አልነበረም፣ በከተማውም አንድ የሚያስተምር ሰው አልነበረም። ዝናሽ ለአያ ሊ እንደምንም አስረድታው አንድ መጽሐፍ ከነሲዲው ላከ። የነሱ አገር ሕፃናት የሚማሩበት ነው፤ ሥዕልና እነዚያ ጎጆ የሚመስሉ ፊደሎቻቸው፣ ከሥራቸው ደግሞ የእንግሊዝኛ የሚመስሉ ፊደሎች። እኔም ኮራ ብዬ ተቀምጬ ከሥር ያለውን እንደ እንግሊዝኛ አነበብኩላት። ከዚያ ሲዲውን ከፈትነው። የኔና የሲዲው ምንም አልተገናኘም። ሕይወት በሳቅ ፈረሰች፣ እኔም መነጽሬን አወለቅኩ። ወንድሜ በር ላይ መቋሚያውን ተደግፎ ይሰማ ኖሯል። «ይኸ የፊደል ነገር አይደለም፣ እታለም» አለኝ። «ዜማ ነው። ተነሽ አለው፣ ወዳቂ አለው። ተይው፣ የኔ ነው።»

እንዲህ ሆኖ ከከተማው ወጣ ብላ በምትገኘው ፀዳ፣ በወንድሜ ግቢ፣ የቻይንኛ ጉባኤ ተተከለ። አሠራሩ ራሱ በልጅነቱ ዳዊት የተማረበት ነበር፤ ሌላም አያውቅ። ከሲዲው አንድ መስመር ይሰማል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይደግመዋል፣ ድምፁ የሚነሳበትን በእጁ ወደ ላይ፣ የሚወድቅበትን ወደ ታች እያሳየ ለልጆቹ ያወርደዋል። ልጆቹ ስል ሕይወት ብቻ አይደለችም፤ ለቻይናዎቹ ገልባጭ መኪና ይነዱ የነበሩ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ይዘው መጡ፣ ነገ ሥራ ያገኙበታል ብለው። ድንጋይ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዜሙ በአጥር በኩል የሚያልፍ ሰው ይቆም ነበር። አንድ ጊዜ የደብሩ ቄስ ቆመው ብዙ ካዳመጡ በኋላ «መሪጌታ፣ ይህ ከየትኛው መጽሐፍ ነው? እኔ አላጋጠመኝም» አሉት። ወንድሜ ሳይስቅ «ገና ነው አባቴ፣ ወደ እኛ አገር አልደረሰም» ብሎ መለሰላቸው። እኔ ግን የሚያስጨንቀኝ ነገር ነበር። «አያ፣ ትርጉሙስ?» እለዋለሁ። «ምን አስቸኮለሽ» ይለኛል። «እኔ መዝሙረ ዳዊትን ስወጣ አንዲት ቃል ተተርጉማልኝ ነበር? ንባቡ ይግባ። ትርጓሜው በጊዜው ነው።» ትርጓሜውን ማን እንደሚያመጣው አይነግረኝም። እሱ ራሱ ዳዊትን ከደገመ ከዓመታት በኋላ ነበር መምህር ያገኘለት፤ ያ ደግሞ ምንም ነገር አላጎደለበትም።

ሕይወት ንባቡን እንደ ውሃ ጠጣችው። አንድ ቀን በረፍት ሰዓት ግድግዳ ሥር ቆማ ስታጉተመትም ያዟትና እንጨቷን ሊያስሩባት ሆነ፤ እሷም «አማርኛ አይደለም የተናገርኩ» ብላ በእንግሊዝኛ ተከራከረች። ነገሩ መምህራን ክፍል ድረስ ደረሰ። ቻይንኛ ያስቀጣል ወይስ አያስቀጣም? ምክትል ዳይሬክተሩ ሻዩን እያማሰለ አሰበና «እንግሊዝኛ እስካልሆነ ይንጠልጠልባት» አለ። እንጨቷን አንገቷ ላይ አድርጋ ወደ ቤት ስንሄድ አላለቀሰችም። «እትዬ፣ አባቴ ቢያውቅ ደስ ይለው ነበር» ነው ያለችኝ።

መጀመሪያ ለአባቷ ያነበበችለትን እሑድ አልረሳውም። አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳለች፣ ጸጉሯ አዲስ ተሠርቷል። ወንድሜ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መሀል ላይ አስቀመጠው፣ ከጎኗም ተቀመጠ። «ሸጋ ነሽ?» ሲል እሷ «ሸጋ ነኝ» አላለችም። ከመጽሐፉ መጀመሪያ ተነሥታ ለቀቀችው፦ «ባባ፣ ጂንቲየን ቲየንቺ ሄን ሃው» እያለች ገጽ በገጽ። ወንድሜ በመቋሚያው ወለሉን እየመታ «አንሺው... ጣይው... ቶሎ አትበይ!» እያለ በሹክሹክታ ይቆጣታል። ስትጨርስ ከማዶ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ሰውየው መሳቅ ጀመረ፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ከዚያ ንግግሩ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያላወጣው ንግግር። ግድብ የተከፈተ ነው የሚመስለው። ዝናሽ አፏን ይዛ ታለቅሳለች። ወንድሜ ይኮራል። ከንግግሩ አንዲት ቃል የገባችው ሰው ግን በዚያ ቤት አልነበረም። ሕይወት ምን ታድርግ? ቀና ብላ አያቷን አየችው፤ እሱም «ቀጥይ» ብሎ በእጁ አመለከታት፤ ሁለተኛውን ምዕራፍ ጀመረችለት።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ አያ ሊ አማርኛውን ተወ። እሱ በቋንቋው ይናገራል፣ እሷ ከመጽሐፉ ትመልሳለች፣ እሱ ደግሞ ይናገራል። ንባቧን እንደጨረሰች ስልኩን ለአያቷ ታቀብልና ወደ ውጭ ትሮጣለች። እሱ ግን አይዘጋም፤ ለሽማግሌው ዝግ ባለ ድምፅ ትንሽ ነገር ይናገራል። ወንድሜ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እህ... እህ...» እያለ እስከ መጨረሻው ያዳምጥና «አሜን» ብሎ ይዘጋል። «ምን አለህ?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «ምርቃት ነው። ሁልጊዜ አንድ ናት፣ አትለወጥም፤ የንባብ ማሳረጊያ ትሆናለች» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር። የዚያ አገር ሰው ሥርዓት ያውቃል ብሎ ከዚያ ወዲያ ስለ አማቹ ክፉ ተናግሮ አያውቅም።

ልጅቷ ግን ማነስ ጀመረች። ቅዳሜ ሲመጣ ሆዷን ያማታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከኋላ ትቀራለች፣ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገባ ትላለች። አንድ ቀን ይዤ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ ይጠይቀኛል እኮ» አለችኝ። «ድምፁ ሲያልቅ ወደ ላይ ሲሄድ ጥያቄ ነው። እኔ ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው እለዋለሁ። ደግሞ ይጠይቀኛል። እኔ ጥንቸሏ ካሮት ትወዳለች እለዋለሁ።» የሥዕሉን ነው የምትለው፤ አንዱ ገጽ ላይ ፀሐይ አለች፣ አንዱ ላይ ጥንቸል፤ ስለዚህ እንዲያ ይሆናል ብላ ነው። «ታዲያ አማርኛ ተናገሪው» ብላት «አሁን ብናገር እስከ ዛሬ እንዳታለልኩት ያውቃል» አለችኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ይዛ ነበር የምትተኛው። ለወንድሜ ብነግረው «ትርጓሜው ይመጣል፣ አታስደንግጫት» አለ። ለዝናሽ ብነግራት «እንዲያው ከዚህ በፊት በእስትንፋስ አይደለም ወይ የተገናኙት? አሁን ቢያንስ እሱ ያወራል» አለች። ሁለቱም ይወዷታል። እኔም እወዳታለሁ፣ ግን እኔም መላ አልነበረኝም።

መላውን ራሷ አመጣችው። የድርጅቱ አስተርጓሚ የነበረ የደባርቅ ልጅ ከዝናሽ ጋር ይተዋወቅ ስለነበር በአንድ ዓርብ ጎራ አለ። ሻይ ሳይቀርብለት ሕይወት ፊቱ ቆመች። ሌላ ልጅ ቢሆን መጽሐፉን በሙሉ ተርጉምልኝ ይል ነበር። እሷ የጠየቀችው «አልገባኝም በቻይንኛ ምን ይባላል?» ብላ ነው። ነገራት። አንዴ ደገመችው፣ በቃ። እሑድ ስልኩ ሲጠራ መጽሐፉን ሳትከፍት አነሳችውና አባቷ እያወራ ሳለ «ባባ፣ ዎ ቲንግ ቡ ዶንግ» አለችው። ዝም አለ። ዳግመኛ አለችው። አያቷ ይህች መስመር ከየት መጣች ብሎ ዞሮ ያያታል። ከማዶ መተንፈስ ብቻ፣ እንደ ድሮው። ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ ኔትወርክ የሚቋረጥበት ቀን ብዙ ነበርና ይሁን፣ ይደውላል አልን። በሚቀጥለው እሑድ አልደወለም። በሚቀጥለውም። ዝናሽ ብትደውል አንዲት ቻይናዊት በተቀዳ ድምፅ የሆነ ነገር ትላለች፤ ዘጋው ይሁን፣ ታመመ ይሁን፣ ቁጥሩን ጣለው ይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ቻይንኛ የሚያነሳ አልነበረም። ልጆቹ ተበተኑ፣ ድንጋዮቹ ግን ግቢው ውስጥ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሕይወት ዓይኗን ጨፍና እንግሊዝኛውን ተማረች፣ ጎበዝ ሆነች፤ ሁሉም የረሳችው መሰለው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ነው ቻይንኛ መረጥኩ ብላ ያስደነገጠችን። ከዚያም ነፃ ትምህርት አግኝታ አገራቸው ሄደች። የአባቷን ድርጅት አፈላልጋ ብታገኘው «ከወጣ ቆይቷል» አሏት፣ ሌላ የሚነግራት አላገኘችም። ተመልሳ ስትመጣ ሸንቃጣ ሴት ሆናለች፣ ሙሉ ኮት ለብሳለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ብዙ ወረቀት አለ። ስለ አባቷ ብጠይቃት «አላገኘሁትም» አለችኝና ስለ አየሩ ማውራት ጀመረች።

ይኸው ዘንድሮ ያ እንጨት ያንጠለጥል የነበረ ትምህርት ቤት በሩ ላይ ትልቅ ጨርቅ ወጥሯል፤ ቻይንኛ መስጠት ጀምረናል ይላል። እንጨቷ ቀርታለች፣ እንግሊዝኛ ብቻ የሚለው ሕግ ግን አልቀረም፤ ቻይንኛውም በእንግሊዝኛ ነው የሚማሩት። አስተማሪዋ ሕይወት ናት። እኔም ጡረተኛ ሥራ ስለሌለኝ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሸጋ ታስተምራለች። መጀመሪያ ትርጉሙን ታስይዛለች፣ ቀጥሎ ድምፁን። ግን በየመሀሉ በእንግሊዝኛ «ገባችሁ?» ትላለች፣ ልጆቹም ባንድ ድምፅ «የስ ቲቸር!» ይላሉ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት «የስ» ነው፤ የገባውንና ያልገባውን በጆሮዬ እለየዋለሁ። ያ ክፍል ውስጥ የገባቸው ሦስት ቢሆኑ ነው። ሁለት ቋንቋ ተደራርቦባቸው መሀል ላይ ጠፍተዋል። ስንወጣ «ምነው ታዲያ አልገባኝም ማለትን አታስተምሪያቸውም? ያን ጊዜ የቱ ጋ እንደጠፉ ታውቂያለሽ» አልኳት። ቆመች። ፊቷ እንደዚያን ጊዜ አነሰ። «እትዬ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከአፌ አትወጣም» አለችኝ። «እሷን ብዬ ነው አባቴን ያጣሁት። አሁን ደግሞ ወላጆች ልጆቻችን ምንም አልያዙም እያሉ ነው። ልክ ናቸው። ወሩ ሲያልቅ ልለቅ ነው።» ያን ሁሉ ዓመት ስታስበው የኖረችው ይህን መሆኑን የዚያን ቀን አወቅሁ። 

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፀዳ ወንድሜ ዘንድ ሄድን። አሁን ዓይኑ እምብዛም አያይም፤ ፀሐይ ሲወጣ ጋቢውን ደርቦ እነዚያ ድንጋዮች አጠገብ ይቀመጣል። ፀዳም ድሮ የእርሻ መሬት የነበረችው በየአቅጣጫው ቤት ወጥቶባት የሲሚንቶ ማቡኪያ መኪናና የብሎኬት ድምፅ ሞልቷታል። ሕይወት እጁን ሳመችው። ሥራ ስለ መልቀቋ አልነገረችውም፣ እኔ ነገርኩት፣ አመሌ ነው።  እሱ ግን «ንባብሽ አለ?» አላት።

«የቱ የኔታ?»

«የልጅነትሽ። ከመጀመሪያው ገጽ።»

አትልም ብዬ ነበር። ተቀመጠች፣ ድንጋይዋ አሁን አንሳባታለች። ከዚያ ጀመረች፣ በዚያው ዜማ፣ እሱ ባወረደላት፣ በዛሬው በተማረችበት አነጋገር ሳይሆን። ጥንቸሏን አለፈች፣ ማሳረጊያው ደረሰች። ስትጨርስ ወንድሜ ልክ እንደ ድሮው ራሱን ዝቅ አደረገና፣ ተራው የሱ ነውና፣ ያችን የእሑድ ምርቃት ጀመረ። «ላውረንጃ...» አለ። ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን እንደሰማት፣ የምትነሳውን እያነሳ፣ የምትወድቀውን እየጣለ። አንዲት ቃል ሳይሰናከል ጨረሰና «አሜን» አለ።

ሕይወት እጇን ጉልበቷ ላይ እንዳደረገች ቀረች። «የኔታ፣ ይህን ማን ነገረዎ?» አለች።

«ማን ይነግረኛል? አባትሽ ነዋ። አንቺ ስልኩን ጥለሽ ስትሮጪ የሚመርቀኝ።»

«ሁልጊዜ?»

«ካነበብሽለት ቀን ጀምሮ፣ እስከቀረበት። ምነው? አጥፍቼዋለሁ?»

«አላጠፉም» አለች። እንባዋ ሲወርድ አየሁት፣ አልጠረገችውም። ከዚያ ቀስ እያለች ተረጎመችልን። «ትልቅ ሰው ሆይ፣ ሮጣ ስትሄድ ኮቴዋን እሰማለሁ። የምናገረው እንደማይገባት አውቃለሁ። ለእርስዎም አይገባዎትም። እባክዎ አይቆጧት። እኔ የማወራው እንዲገባት አይደለም፤ ድምፄን እንድትለምደው ነው። እሷ ታንብብልኝ ብቻ።»

 በአጥር ማዶ ብሎኬት የሚያወርዱ ሰዎች ይጯጯሃሉ። ሕይወት ለራሷ ነው የተናገረችው፦ «ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር። እንግዲያስ የጠፋው በዚያች ዓረፍተ ነገር አይደለም።» በምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እኔ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ አንዱ በር ሲከፈትላት ከኋላው ሌላ የተዘጋ በር አለ፣ ያንን የሚከፍት ምርቃት ወንድሜ ዘንድ የለም። ለሱም ሳስብለት ቆየሁ። «ምርቃት መስሎኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።  ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና «በአሜን ፈንታ እሺ ማለት ነበረብኝ» አለ። ቆየት ብሎ ደግሞ «ይሁን። አሜን ይገባዋል» አለ።

በነጋታው መንገዱ ተዘግቶ ትምህርት አልነበረም። በማግሥቱ ተከፈተ፣ እኔም የመጣው ይምጣ ብዬ ሄድኩና የኋላ ወንበሬን ያዝኩ። ሕይወት ያን ቀን ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈችም። ጠመኔውን አስቀምጣ መሀላቸው ገባችና አንዲት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው፤ መጀመሪያ ትርጉሟን፣ ቀጥሎ ድምፁን በእጇ ወደ ላይና ወደ ታች እያሳየች፣ ያያቷን እጅ ነው የምታሳየው። ልጆቹ ባንድ ላይ «ዎ ቲንግ ቡ ዶንግ» አሉ። ደጋገሙት። አንዳንዶቹ ለጨዋታ ነው የወሰዱት። ከዚያ ወደ ዕለቱ ትምህርት ገባችና ጥቂት ሄዳ «ገባችሁ?» ብላ ጠየቀች፤ እንደ ልማዳቸው «የስ ቲቸር!» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ሲበርድ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች፣ ጸጉሯን ሹሩባ የተሠራች ልጅ እጇን አነሳች። ሁሉም ዞሮ አያት። ፈራ ተባ እያለች «ዎ ቲንግ ቡ ዶንግ» አለች፣ የምሯን።

 ሕይወት ወደ ልጅቷ ሄደች፣ ጎንበስ አለችና፣ እንግሊዝኛ ብቻ በሚነገርበት በዚያ ግቢ ውስጥ፣ «ሸጋ» አለቻት። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀመረች።